ከግንቡ ማዶ የቀሩት ኳሶች

ሦስተኛዋ ኳስ ግንቡን አልፋ ከመልቪዎች ጓሮ ስትወድቅ፣ ልምምድ ላይ የነበሩት ተጫዋቾች በሙሉ ቆመው ጠበቁ። የሜዳው ደንብ እንዲህ ነበር። ኳስ ግንቡን ትሻገራለች፤ የመታት ተጫዋች እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ጥቂት ቆይቶም ጡረተኛው ባቡር ነጂ ፊንታን መልቪ፣ አንዳንዴ በሌሊት ልብሳቸው፣ አንዳንዴም ጉንጫቸውን በቁርስ ሞልተው፣ ኳሷን ይመልሷታል። ቤቱን ገዝተው ከገቡ ጀምሮ አንድም ኳስ አስቀርተው አያውቁም ነበር። በዚህ ሳምንት ግን ልማዱ ተቋርጧል፤ ዛሬም ከግንቡ ማዶ የተሰማው የበር መዘጋት ድምፅ ብቻ ነው።

«ታሰረች» አለ የክለቡ ትጥቅ ያዥ ማላኪ፣ የተራቆተውን የኳስ መረብ እያራገፈ። «ከሰኞ ወዲህ የገባ አይወጣም። በዚህ አያያዝ ቅዳሜ የምንጫወተው በጥቅል ጎመን ነው።»

«መልቪ ነገ ይግባኙን ካስገቡ ጎመኑንም የምንጫወትበት ሜዳ አይኖረንም» አለች ደርቭላ ሃንራቲ።

ደርቭላ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ከባሊካሎ ከተማ አሽከርካሪዎች ግማሹ ፍሬን መያዝ የተማረው ከእሷ ነው፤ ስለዚህም ሰዎች በሚደነግጡበት ሰዓት ድምፅን ዝቅ አድርጎ መናገር ሙያዋ ሆኗል። ይህ ሙያ የባሊካሎ ሮቨርስ ሊቀመንበር ከሆነች ወዲህ ይበልጥ ጠቅሟታል። ክለቡ የደጋፊዎቹ ንብረት ነው፤ ከጀርባው የቆመ ባለጸጋ የለም። የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪዎች አሮጌውን የእንጨት ጥላ ፎቅ ከዘጉት በኋላ፣ ሊጉም ባለ ወንበር ጥላ ፎቅ የሌለው ክለብ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በሜዳው መጫወት እንደማይችል አስታወቀ። ለባሊካሎ ይህ ማለት የራሷን ቡድን ለማየት ተራራ አቋርጣ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ነው። መንግሥት ከወጪው የሚበዛውን ሊሸፍን ተስማማ። የቀረውን ከተማው በሎተሪ፣ በመጠጥ ቤት የጥያቄና መልስ ውድድርና የቄሱን ጢም በአደባባይ በመላጨት ሰበሰበው። ቄሱ ጢማቸውን ካጡ በኋላ ማንም አላወቃቸውም፤ ገንዘቡ ግን ሞላ።

የመንግሥቱ ድጋፍ አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ግንባታው በዚህ ዓመት ካልተጀመረ ገንዘቡ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ክለብ ይሰጣል። የከተማው ምክር ቤት የግንባታ ፈቃዱን ሰጥቷል። ይሁንና በዚህ አገር ተቃውሞውን በጽሑፍ ያስመዘገበ ማንኛውም ሰው ደብሊን ላለው ቦርድ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ቦርዱ ውሳኔ እስኪሰጥ ደግሞ ዓመቱ ያልቃል። ተቃዋሚው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ፊንታን መልቪ። የይግባኙ ቀነ ገደብ ነገ፣ ዓርብ ነው። ምክንያታቸው ደግሞ በአሮጌው ጥላ ፎቅ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ የተባሉ የሌሊት ወፎች ናቸው።

«ሠላሳ ዓመት እዚያ ጣሪያ ሥር ማሊያ ሳሰጣ አንዲት የሌሊት ወፍ አላየሁም» አለ ማላኪ።

«አንተ ስትዘፍን ሸሽተው ይሆናል።»

«ኮሚቴው ጠበቃ እንላክ ብሏል እኮ።»

«ኮሚቴው ብዙ ይላል» አለች ደርቭላ፣ ከመኪናዋ ዘቢብ የተጋገረበት ዳቦ እያወጣች። «እኔ ሄጄ አንኳኳለሁ።»

ይህን ማንም አለማድረጉ የሚያስገርም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የፊንታን ባለቤት ኮንሴፕታ ባለፈው ክረምት ስትሮክ መትቷቸው ከአልጋ ከዋሉ ወዲህ፣ ከተማው በሙሉ ከዚያ ቤት በአክብሮት ርቋል። ለፈውሳቸው ቅዳሴ አስቀድሶ ካርድ ልኳል፣ አበባ ልኳል፤ ደጃፉን ግን አልረገጠም። በባሊካሎ ጨዋነት ማለት የሰውን ችግር አውቆ እንዳላወቁ መሆን ነው። ይህን ጨዋነት ከማንም አብልጣ የጠበቀችው ደግሞ ደርቭላ ራሷ ነበረች።

የፊት ለፊቱን በር ደወል ተጫነች። መጋረጃው ትንሽ ተነቃነቀ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ሁለተኛ ልትደውል እጇን ካነሳች በኋላ በራሷ ሳቀች። በዚህ ከተማ በፊት ለፊት በር የሚመጡት ቄስ፣ ፖሊስና ክስ የያዘ ሰው ናቸው፤ ወዳጅ በጓሮ ነው የሚገባው። ዞረች። በጓሮው፣ አበባ ይተከልበት በነበረ አሮጌ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ፣ የክለቡ ኳሶች እንደ እንቁላል ተደርድረዋል። ፊንታን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ።

«በዚያ በኩል ስትደውዪ ጠበቃ መስለሽኝ ዝም አልኩ» አሉ።

«ጠበቃ ብሆን ዳቦ ይዤ እመጣ ነበር?»

«እሱስ ልክ ነሽ። ጠበቃ ዳቦውን ይዞ ነው የሚሄደው።» ዳቦውን ተቀበሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ፣ ያ ነገር እዚህ ቤት አይነሳም። ተቃዋሚው እኔ መሆኔን ኮንሴፕታ አታውቅም።»

ደርቭላ መልስ ከመስጠቷ በፊት ከፎቅ የጠነከረ ድምፅ መጣ። «ፊንታን፣ ማነው? ሴት ከሆነች ላካት። ቄሱ ከሆኑ ተኝታለች በላቸው።»

«ደርቭላ ናት።»

«ታዲያ ምን ታንሾካሹካለህ? ላካት።»

ኮንሴፕታ መልቪ ጉልበት በነበራቸው ጊዜ የሜዳው መግቢያ ላይ ትኬት የሚሸጡት እሳቸው ነበሩ፤ አንድም ሰው በነፃ አላሳለፉም፤ አንድ ጊዜ ጳጳስ አስከፍለዋል ይባላል። አሁን አልጋቸው ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ተጠግቶ፣ ትራስ ላይ በጎን ተደግፈው ተኝተዋል። ግራ እጃቸው ታዛዥ አልነበረም። ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነም።

«ቁጭ በይ፣ የኔ ልጅ። እዚያ ዱካ ላይ። እስከዛሬ የት ጠፋሽ?»

«ላስቸግር አልፈለግኩም።»

«ሁላችሁም እንደሱ ነው የምትሉት። ካርዳችሁ ግን እየመጣ መሳቢያ ሞላ። እኔ እኮ ታመምኩ እንጂ አልሞትኩም።» በአገጫቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። «ይልቅ ያንን የግራ ተከላካይ ከየት አመጣችሁት? ኳስ ስትመጣ አበዳሪው የመጣበት ይመስል ይሸሻል።»

«ወጣት ነው፤ ይማራል።»

«ያንቺ ተማሪዎችም እንደሱ እየተባለ ነው የሰው አጥር የሚያፈርሱት።» ሳቁ፤ ከዚያም ዓይናቸው ጠበብ አለ። «ጥላ ፎቁ መቼ ይጀመራል? ይሄን ሰውዬ ስጠይቀው ወሬ ይቀይራል።»

ፊንታን በዚህ መሐል የሻይ ትሪ ይዘው ገቡ።

«አንድ ተቃዋሚ አለብን» አለች ደርቭላ በጥንቃቄ። «ይግባኝ ካለ ገንዘቡ ያልፈናል።»

«ማነው ይሄ ከንቱ?»

ፊንታን ትሪውን አስቀምጠው ስኒ መደርደር ጀመሩ። ደርቭላ ወደ ፊንታን አላየችም። «ስም መጥራት ደግ አይደለም» አለች።

«ሳይከፍል በአጥር የገባ ሰው ነው፤ እኔ ልንገርሽ። ምክንያቱስ?»

«የሌሊት ወፍ።»

ኮንሴፕታ ትራሱ እስኪንሸራተት ሳቁ። «የሌሊት ወፍ! ሰማህ ፊንታን?»

«ሰማሁ» አሉ ፊንታን፣ ስኳር ያልገባበትን ሻይ ደጋግመው እያማሰሉ።

ደርቭላ ትራሱን ልታቀና ተነሥታ ጎንበስ ስትል፣ ጉንጯ ከኮንሴፕታ ጉንጭ ጎን ዋለ፤ ያን ጊዜ መስኮቱን በእሳቸው ዓይን አየችው። ከዚያ ከፍታ ላይ ሰማዩ ጥቂት ነው፤ ከዝቅተኛው ግንብ በላይ ግን ሜዳው በሙሉ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አሮጌው ጥላ ፎቅ ከመልቪዎች ግንብ ሳይደርስ ያልቃል። አዲሱ ግን እስከ ጥጉ ይዘልቃል። ደርቭላ ንድፉን ከላይ፣ ከፊት፣ ከጎን አይታዋለች፤ በስብሰባ ላይ ዓይኗን ጨፍና ልታስረዳው ትችላለች። ከዚህ ትራስ ላይ ሆና ግን አይታው አታውቅም ነበር። ከዚህ የሚታየው የጀርባው ቆርቆሮ ብቻ ይሆናል።

ትራሱን አቃናች። ሻይዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች። ስለ ቅዳሜው አሰላለፍ ከኮንሴፕታ ጋር ተከራከረች፤ ተሸነፈችም። ከዚያ ተሰናብታ ወረደች።

ፊንታን ጓሮው ድረስ ተከተሏት።

«ስለ መስኮቱ ለምን አልነገሩንም?» አለች።

«ምክር ቤቱን ጠይቄ ነበር። መስኮት ላይ ያለ እይታ መብት አይደለም አሉኝ፤ ሕጉ ነው። የሌሊት ወፍ ግን መብት አለው።» ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እውነተኛውን ልጽፍ ብል ደግሞ ተቃውሞ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። የሚስቴን አልጋ ለከተማው ላስነብብ?»

«ለክለቡ መንገር ይችሉ ነበር። ለእኔ።»

«ለአንድ አልጋ ብሎ ጥላ ፎቅ የሚያሳጥር ክለብ የት አለ? ደግሞም ብጠይቃችሁ እሷ ትሰማለች። ከሰማች፣ መጋረጃውን ዝጉልኝና ሥሩት ነው የምትለው። አታውቂያትም?»

ደርቭላ ታውቃቸዋለች። ስልኳን አወጣችና እዚያው፣ ፊንታን እየሰሙ፣ ወደ አርክቴክቱ ወደ ኮናል ደወለች።

«ኮናል፣ የመጨረሻውን ክፍል፣ ከመልቪዎች ግንብ ፊት ለፊት ያለውን፣ ብናወጣው ሊጉ የሚጠይቀው የወንበር ብዛት ይሞላል?»

ከወዲያ በኩል ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ። «ይሞላል፤ ግን ለጥቂት ነው። የሚተርፍ አይኖርም።»

«ፈቃዱስ?»

«ማስረዘም ነው ጣጣው። ለማሳጠር ምክር ቤቱ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ነገ ጠዋት ቀድሜ አናግራቸዋለሁ።» ወረቀቱ እንደገና ተገለበጠ። «ደርቭላ፣ ያ ክፍል እኮ የአባትሽ ነው።»

የአሮጌውን ጥላ ፎቅ ጣሪያ ከተዘጋው ወፍጮ ቤት እንጨት ያቆመው አባቷ ፓኪ ሃንራቲ ነበር። አባላቱ ባለፈው ስብሰባ እያጨበጨቡ የመጨረሻው ክፍል በስሙ እንዲጠራ ሲወስኑ፣ እሷ ሊቀመንበር መሆኗን ረስታ አልቅሳለች። የቀሩት ክፍሎች ስም ገንዘብ ላዋጡ ድርጅቶች ተሰጥቶ አልቋል።

«አባቴ አንድም ጨዋታ ተቀምጦ አይቶ አያውቅም» አለች። «ወንበር ምን ያደርግለታል? አውጣው።»

«ኮሚቴውስ?»

«ኮሚቴውን ማታ እኔ እነዳዋለሁ። አንተ ንድፉን አዘጋጅ።»

ስልኩን ስትዘጋ ፊንታን ወደ ገንዳው ዞረው ኳሶቹን እየተመለከቱ ነበር።

«ይግባኙን ተዉት አትዪኝም?»

ደርቭላ ይህን ጥያቄ ነበር ልትጠይቅ የመጣችው፤ ሙሉ ሳምንቱን ስታሰላስለውም ሰንብታለች። ኮሚቴው የተፈረመ ነገር ይዛ እንድትመለስ ይጠብቃል። እሷ ግን የኮቷን ቁልፍ ቆለፈች።

«አልልም። እኔ የመጣሁት ዳቦ ላደርስ ነው» አለች። «ቅዳሜ በጓሮ እመጣለሁ። ስለ አሰላለፉ ያልጨረስነው ክርክር አለ።»

ሜዳው ላይ ማላኪ ከመግቢያው ጠበቃት። «እሺ አሉ?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ሴትዮ፣ ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ሻይ ጠጣሁ።»

ማላኪ አፉን ከፈተ፤ ሳይናገርበት ግን ከኋላው አንዲት ኳስ ሣሩ ላይ ዱብ አለች። ሌላም ተከተለች። ከዚያ ግንቡ ላይ ኳስ በኳስ ሆነ፤ ተጫዋቾቹም እየሳቁ እንደ ዶሮ ሊሰበስቧቸው ተራወጡ። ከፎቁ መስኮት አንድ ጠንካራ ድምፅ ሜዳውን አቋርጦ መጣ።

«ፊንታን፣ የሌሊት ወፎቹ ጨርሰው ወጡ እንዴ?»

ለመልሱ አንዲት የመጨረሻ ኳስ፣ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ከፍ ብላ፣ መጣች።

ደርቭላ በሁለት እጇ ቀለበቻት። አንድ አፍታ ወደ መስኮቱ ተመለከተች፤ ከዚያም ኳሷን ለማላኪ ሰጠችው።

«ለአሰልጣኙ ንገርልኝ» አለች። «የግራ ተከላካዩን ልምምድ ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህኛው ጥግ ያምጣው። ቀረብ ብሎ የሚሰደብበት ቦታ ያስፈልገዋል።»