ሁሉንም ደምስስ

የውሃ ቢሮው ታብሌት ሰኞ ጠዋት አልነሳም አለ። የፋብሪካው አርማ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ከዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አራት መስመር ጽሑፍ ይደረደራል። ኃላፊው "ባለሙያ ይጠራ!" አሉ። ባለሙያው እኔ ነኝ። ባለሙያ የሆንኩት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በፋይል አመላላሽነት በተቀጠርኩ በሳምንቱ፣ የተነቀለውን የማተሚያ ማሽን ገመድ መልሼ ስለሰካሁ ነው። ከዚያ ወዲህ መብራት ያለበት ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

"ለስድስት ሰዓት ይድረስ" አሉኝ ኃላፊው ከረባታቸውን እያጠበቁ። "ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ዘመናዊ አሠራራችንን ሊጎበኙ ነው። ዘመናዊ አሠራራችን ደግሞ ያው ይሄው ነው።"

ከበሩ አጠገብ ቆጣሪ አንባቢዋ እትዬ ጉልበታቸውን ይዘው ቆመዋል። አራት ወር ሙሉ ሰፈር ለሰፈር ዞረው የሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ቆጣሪ መዝግበዋል። የመዘገቡት ሁሉ ያለው እዚህ ታብሌት ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ወረቀት እንዳይጠቀሙ በደብዳቤ ተከልክለዋል። ደብዳቤው በወረቀት ነው የደረሳቸው።

"ልጄ፣ ቤቶቼ አሉ?"

"አሉ እትዬ። ተኝተው ነው።"

"እንግዲያው ቀስ ብለህ ቀስቅስልኝ። ያን ሁሉ ደረጃ ድጋሚ ውጪ ከተባልኩ የምተኛው እኔ ነኝ፤ ያውም ላልነሳ።"

መጀመሪያ "እንደገና አስነሳ" የሚለውን መረጥኩ። ተነሳ፣ ብልጭ አለ፣ እዚያው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተመልሶ ቁጭ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሞባይል ጠጋኝ የሲስተሙን ፋይል በሚሞሪ ካርድ ሰጠኝ፤ "ይሄ ሲስተሙን ብቻ ነው የሚያድሰው፣ የተመዘገበውን አይነካም" ብሎ ምሎልኛል። ጫንኩት። አረንጓዴዋ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ስትሳብ፣ እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት ቤቶች አንድ በአንድ መስኮታቸውን ሲከፍቱ ይታየኝ ነበር። መቶ በመቶ ሞላች። አርማው ብልጭ አለ። ጥቁር ሰሌዳ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የመምረጫው ሰማያዊ ምልክት ማንም ሳይነካው ቁልቁል ይንሸራተትና መጨረሻው መስመር ላይ ሄዶ ይቆማል። በጣቴ ወደ ላይ ስመልሰው እንደ ግትር በቅሎ ተመልሶ ይወርዳል። መጨረሻው መስመር "ሁሉንም ደምስስ" ይላል።

"መሣሪያው ራሱ እየነገረህ እኮ ነው!" አሉ ኃላፊው በትከሻዬ አሻግረው እያዩ። "ደምስስ ካለ ደምስሰው።"

"ጌታዬ፣ ከደመሰስኩት የእትዬ ቤቶች አብረው ይጠፋሉ።"

"እንግዶቹ ቤት ሊያዩ አይደለም የሚመጡት። ሲበራ ሊያዩ ነው።"

ያኔ ነው ታብሌቱን አገላብጬ ጠርዙን ያየሁት። ሐሙስ ዕለት የንብረት ቆጠራ ነበር። የንብረት ክፍሉ ሹም፣ ቢሮው በሙሉ "ማኅተሙ" የሚላቸው፣ በየዕቃው ላይ ቁጥር ሲለጥፉ ነው የዋሉት። ጀርባው ላይ ሰፊ ሜዳ እያለ፣ ቁጥሩ ለሁሉም እንዲታይ ብለው ወፍራሙን ወረቀት በጠርዙ ላይ አጥፈው፣ ሙጫ አጠጥተው፣ በፕላስተር ጠፍረው ማኅተም አሳርፈውበታል። ከሥሩ የድምፅ መቀነሻው ቁልፍ ተጨፍልቆ ቀርቷል። ያ ቁልፍ ተጭኖ እያለ የተነሳ ታብሌት ደግሞ የሚሄደው ወደ ጥቁሩ ሰሌዳ ነው፤ ምልክቱንም ቁልቁል የሚነዳው እሱ ነው።

"በሽታው ይሄ ወረቀት ነው" አልኩ። "ብንልጠው ይድናል።"

ማኅተሙ መዝገባቸውን ታቅፈው መጡ። "ማን ነው የሚልጠው? የንብረት ቁጥር የነካ ሰው ንብረት እንዳጎደለ ነው የሚቆጠረው!"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አሉ ኃላፊው።

"ማመልከቻ ይጻፍ። የልጣፍ አንሺ ኮሚቴ ይቋቋማል። ከተጣደፍን ሦስት ሳምንት።"

"ቢደመሰስስ?"

ማኅተሙ መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። "ታብሌት፣ አንድ። ቻርጀር፣ አንድ። ሽፋን ጥቁር፣ አንድ። ቤት የሚል የለም። ያልተመዘገበ ነገር ቢጠፋ ማንም አይጠየቅም።"

ኃላፊው እፎይ አሉ። "ሰምተሃል። ደምስስ።"

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰማያዊው ምልክት ቦታው ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። ጣቴን ከመስታወቱ ላይ አነሳሁ።

እትዬ እያነከሱ መጡ። "አምጣው እስቲ፣ ልሰናበታቸው።"

ሰጠኋቸው። በእጃቸው መዘኑት፣ አገላበጡት፣ አውራ ጣታቸውን ከፕላስተሩ ሥር አስገቡ። የዛገ የቆጣሪ ክዳን ሲፈለቅቅ የከረመ ጥፍር ነው፤ ቁጥሩንም ማኅተሙንም በአንድ ትንፋሽ ላጠው።

"እትዬ!" ጮኹ ማኅተሙ። "ምን አደረጉ?"

"ላጥኩ። ብርቱካን ልጠህ አታውቅም?"

ቁልፉ ብቅ አለ። ታብሌቱን አስነሳሁት። አርማው መጣ፣ ቆየ፣ ቆየ፤ ከዚያ ሰሌዳው በራ። ዝርዝሩን ስከፍተው ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። እትዬ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ አጎንብሰው፣ "ይቺ ውሻ ያለባት ናት... ይሄ ደግሞ ቆጣሪው ላይ ቁም ሣጥን ያቆመው ቀጣፊ..." ይላሉ።

ማኅተሙ ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ዛሬውኑ ካልተጻፈ ብለው ድርቅ አሉ። የቢሮው ኮምፒውተር ካለፈው ሳምንት ጀምሮ "ባለሙያ" እየጠበቀ ስለነበር ጸሐፊዋ በታብሌቱ ላይ መጻፍ ጀመረች። እንግዶቹ የገቡት "ሆን ብለው በንብረት ቁጥር ላይ ጉዳት በማድረስዎ" የሚለው ላይ ስትደርስ ነው።

"ይኸውላችሁ" አሉ ኃላፊው ደረታቸውን ነፍተው፣ "ደብዳቤ እንኳ የሚጻፈው በዚሁ ነው።"

እንግዶቹ አጨበጨቡ።

እንግዶቹ ሲወጡ ማኅተሙ ደብዳቤውን አሳትመው ከእስክሪብቶ ጋር እትዬ ፊት አኖሩት። "ይፈርሙ።"

"እፈርማለሁ። መጀመሪያ ልጁ ቤቶቼን ወደ ስልኬ ይገልብጥልኝ።"

ስልካቸውን በገመድ አገናኘሁና ማስተላለፍ ጀመርኩ። ማኅተሙ በአንድ እግራቸው፣ ቀጥሎ በሌላው እግራቸው ቆሙ። ሰዓታቸውን አዩ። እትዬ ወንበር ስበው ጉልበታቸውን ዘረጉ።

"ስንት ደረሰ ልጄ?"

"ዘጠኝ መቶ ስድስት።"

እትዬ እስክሪብቶውን ጆሯቸው ላይ ሰኩት። "ቁጭ በል እንጂ" አሏቸው ማኅተሙን፣ "ገና ግማሹ ነው።"