መከታ ነጋሽ የሚባል ውሻ

ባለቤቴ ነጋሽ መቃብር የለውም። በሰባ ዓመተ ምሕረት አንድ ጠዋት ከቤት ወሰዱት፤ ሬሳውንም አልሰጡን። የቀረን ስሙ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሠራሁትን ስትሰሙ እንዳትስቁብኝ ነው።

ከልጆቼ ጋር በሱዳን ዞረን አትላንታ ከገባን አምስት ዓመታችን ነው። ከልጄ ከመርዕድ ጋር ሐይቅ ዳር ፓይን ሌክ ነው የምንኖረው። እሱ ኮሌጅ ፓርክ ላለ ሆቴል ቫን ይነዳል፤ እንግዳ ከኤርፖርት ያመላልሳል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ጓደኛም አላየሁበት። ከሥራ ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ነው። ምን ሆንክ ስለው ደክሞኝ ነው ይለኛል።

አንድ ቀን መንገድ ላይ የተጣለ ቡችላ ይዞ መጣ። መከታ አለው። ሥዕለ ማርያም ባለበት ቤት ውሻ አይገባም ብዬ ተቆጣሁ። ግን ልጄ በውሻው ምክንያት ጠዋት መነሣት ጀመረ። ሐይቁን ዞረው ሲመለሱ ድምፁን እሰማለሁ፤ ለኔ ያላወራውን ለውሻው ያወራለታል። ቁጣዬን ተውኩት። እግዚአብሔር በምን እንደሚያድን አይታወቅም።

ሴቷ ልጄ ትዕግስት ሊቶኒያ ነው ያለችው። እሷ ናት ለውሻው ኢንሹራንስ የገባችለት። የውሻ ኢንሹራንስ አለ ስትለኝ ለኔስ ገብታችሁልኛል ወይ አልኳት።

ባለፈው የካቲት መከታ መብል ተወ። ሐኪሙ ሆዱ ውስጥ ዕጢ አለ፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን ከሆነ ይድናል አለ። መርዕድ ያለውን ሁሉ ለምርመራው ከፍሏል፤ ትዕግስትም ከኪራይዋ የሚተርፋት የለም። ለኦፕራሲዮኑ የሚሆነው ገንዘብ የሚገኘው ኢንሹራንሱ የምርመራውን ወጪ ሲመልስለት ነው። እነሱ እንዲመልሱ ደግሞ ክሊኒኩ ፎርም ሞልቶ መስጠት አለበት። ለመሙላቱ አሥራ ሁለት ዶላር ይቀበላሉ፤ ባንኮኒው ላይ ለጥፈውታል። ሲያክሙም ይከፈላቸዋል፣ ማከማቸውን ሲጽፉም ይከፈላቸዋል። መርዕድ ሥራ ስለነበረው እኔ ሄድኩ።

ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ጸሐፊዋ ወጥታ «መከታ ነጋሽ» ብላ ተጣራች። ሰው የጠራች መስሎኝ ዞር ብዬ ፈለግሁ። ለካ እዚህ አገር ውሻም የቤተሰብ ስም ይወጣለታል። የልጄ አባት ስም ላስት ኔም ሆኖ ውሻ ላይ ተለጥፏል። መቃብር እንኳ ያላገኘ ሰው።

አጥፊልኝ አልኳት። ያለ ላስት ኔም አይሆንም አለች። የራሴን አባት ስም እንዳልሰጥ እሱም ያው ነው። አድራሻችን ወረቀቱ ላይ አለ፤ ጣቴን ፓይን ሌክ የሚለው ላይ አድርጌ ይሄን ጻፊ አልኳት። ሳቀች።

«መከታ ሌክ?»

«አዎ፣ ሌክ።»

ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ትከሻዋን ነቅንቃ ታይፕ አደረገችው። ከፍዬ፣ ፖስታ ቤት አስገብቼ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ነጋሽዬ ከውሻ ላይ አወረድኩህ አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ጠበቅን። የውሻው ጎድን ይቆጠር ጀመር። መርዕድ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የፖስታ ሳጥኑን ነው የሚያየው። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ለውሻ መጸለይ አፍሬ ለልጄ ለልጄ እያልኩ እሰግዳለሁ።

የኢንሹራንሱ ደብዳቤ ሲመጣ ትዕግስት አነበበችው። በመዝገባችን መከታ ነጋሽ እንጂ መከታ ሌክ የሚባል ውሻ የለም፣ ፎርሙ እንደገና ይሞላ ይላል። መርዕድ የክሊኒኩ ጥፋት መስሎት ሰደባቸው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። መክተፌን ቀጠልኩ። ከስሙ ይልቅ ያ ዝምታ ነው ኃጢአቴ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ስሕተቱ የኛ አይደለም፣ አዲስ ፎርም አዲስ ክፍያ አለው አለች። እውነቷን ነው። ከፈልኩ። ምን ብዬ ልጻፍ ስትለኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ድመትና ውሻውን ይዞ በተቀመጠበት፣ በገዛ አፌ «መከታ ነጋሽ» አልኩ።

ቼኩ የመጣው ለሆሳዕና ዋዜማ ነው። መርዕድ ሰኞ ውሻውን ተሸክሞ ሄደ፤ መራመድ አቅቶት ነበር። ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ ዕጢው ሳንባው ደርሷል፣ አሁን ብቀደው ማሠቃየት ነው አለው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቢሆን ኖሮ ብሎም ነገረው። እዚያው በመርፌ አሳረፉት።

ልጄ ማሰሪያውን ብቻ ይዞ ገባ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ሌክ፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ደብዳቤው። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ማሰሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«እማዬ፣ ሆቴሉ ውስጥ ማርክ ነው የሚሉኝ። ስሜ ይከብዳቸዋል። እዚያ ክሊኒክ ግን ሴትዮዋ ወጥታ ነጋሽ ስትል፣ አቤት ብዬ እነሣ ነበር። አባዬን የሚጠራልኝ ሰው ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነው።»

እኔ ያዋረዱት መስሎኝ ነበር።

ትንሣኤ አለፈ። ከክሊኒኩ ሌላ ደብዳቤ መጥቷል፤ የመርፌውንም ከኢንሹራንስ ለማስመለስ ከፈለጋችሁ ፎርሙን እንሞላለን፣ ክፍያው ያው ነው ይላል። መከታ ነጋሽ ብለው አስተካክለው ጽፈዋል። እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።

መርዕድ ወደ ግድግዳው ተመልሷል። ጠዋት የሥራ ሰዓቱ ሲደርስ በሩን አንኳኳለሁ። እንደ ጸሐፊዋ ቆሜ «መርዕድ ነጋሽ» ብዬ ከነአባቱ እጠራዋለሁ። አቤት አይለኝም።