የእሁዱ የመልስ ጨዋታ

የሰሜን አየርላንዷ ትንሽ መንደር ክለብ ድረምካርኖች የዋንጫውን ጆሮ በአንድ እጃቸው ይዘውት ነበር። ሰሜንና ደቡብ አየርላንድን ከሚለየው ድንበር ወዲህና ወዲያ ያሉ ክለቦች በየዓመቱ በሚፋለሙበት በዚያ ጥሎ ማለፍ የደቡቦቹን ክለቦች አንድ በአንድ አሰናብተው፣ የፍጻሜውን የመጀመሪያ ጨዋታ በሜዳቸው አንድ ለዜሮ አሸነፉ። ግቧን በግንባሩ ገጭቶ ያስቆጠራት አምበሉ ሜርቪን ነው። መልሱ ረቡዕ ደብሊን ላይ ነበር፤ ዝናቡ ሜዳውን ኩሬ አደረገውና ተራዘመ። ወደ መቼ? ወደ እሁድ!

ካቶሊኮቹ ደብሊኖች እሁድን ቅዳሴ አድርሰው፣ ምሳ በልተው ኳስ ያዩበታል። ሰሜን፣ ፕሮቴስታንቷ ድረምካርን ውስጥ ግን እሁድ ኳስ ቀርቶ ልብስ አይሰጣም። የልጆቹ ዥዋዥዌ እንኳ ቅዳሜ ማታ በሰንሰለት ይታሰራል። ክለቡ ከተመሠረተ ጀምሮ በሰንበት ተጫውቶ አያውቅም። ቀኑን የቆረጡት ደቡቦች ይህን ዘንግተው ነው ቢሉት ሜርቪን አላመነም። አውቀው ነው ያደረጉት!

ይበልጥ ያንገበገበው ግን የገዛ ክለቡ ኮሚቴ ነው። አሰልጣኙ ሴሲል እርሻው ድረስ መጥቶ ነገረው።

«እንጫወታለን። አውቶቡሱ እሁድ ጠዋት ይነሳል።»

«አምና ልጆቹን በእሁድ ልምምድ ሠራችሁ ብሎ የቀጣቸው ይኼው ኮሚቴ አይደለም እንዴ?»

«ዋንጫ ነዋ፣ ሜርቭ!»

«አሃ! እግዜር ዋንጫ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናላ?»

«እሱን ለቄሱ ንገረው። ሠላሳ አራት ዓመትህ ነው ወንድሜ፤ ጉልበትህ እንደ አሮጌ በር ሲጮህ እኔ እሰማዋለሁ። ሌላ ፍጻሜ የምትደርስ መስሎሃል?»

«አባቴንስ ምን ልበላቸው?»

ሴሲል ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

የሜርቪን አባት ዊልበርት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። እናቱ ካረፉ ወዲህ አባትና ልጅ ሁለቱ ብቻ ከላሞቻቸው ጋር ይኖራሉ። ሽማግሌው ልጃቸው የተጫወተበት አንድም ቅዳሜ አምልጧቸው አያውቅም። ካፖርታቸውን ቆልፈው ከግቡ ኋላ ይቆማሉ፤ አያጨበጭቡም፣ አይጮሁም። የእሳቸው ዝምታ ከሌላው ሰው ስድብ ይከብድ ነበር።

ሐሙስ ራት ላይ ሜርቪን ልቡን ጠበቅ አድርጎ ተናገረ። «አባባ፣ ጨዋታው እሁድ ሆኗል። ምን ይላሉ?»

ሽማግሌው ሹካቸውን አስቀመጡ። «ሰምቻለሁ» አሉና ወደ ላሞቹ ወጡ። ሌላ ቃል የለም። ሜርቪንም ይህን እንደ ፍርድ ቆጠረው። ዕድሜ ልኩን ከዚህ ሰው ፊት ፈቃድና ክልከላ ሲያነብ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይቁጠር?

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ለሴሲል ደወለ። «አልመጣም። ለዚያ ለማይረባ ኮሚቴህ ንገረው» ብሎ ስልኩን ጠረቀመውና ራት ሳይበላ መኝታ ቤቱ ገባ።

በድረምካርን የእሁድ ሥራ ሁሉ ቅዳሜ ያልቃል። ድንቹ ይላጣል፣ ከሰሉ ይገባል፣ ጫማው ይወለወላል። በዚህ ቤት ጫማ የሚወለውሉት ሽማግሌው ናቸው። የሁለቱንም ጠርገው፣ ቀለም ቀብተው በጓሮው በር አጠገብ ጋዜጣ ላይ ይደረድሩታል። እሁድ ጠዋት ግን ሜርቪን የአባቱን ፊት ላለማየት ሲል ክፍሉ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ጫማ አጥልቆ በፊት ለፊቱ በር ወጣ። ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ደርሶ ማንም ሳይቀድመው ተቀመጠ። አባቱ መጥተው አጠገቡ ሲቀመጡ ያንን አሮጌ ጫማ አዩት። የመዝሙር መጽሐፋቸውን ገለጡ።

ከጸሎት በኋላ ሰዉ ተሰልፎ ጨበጠው። «ጎበዝ! ለዋንጫ ብሎ ሰንበቱን ያልሸጠ!» ይሉታል። እሱ ግን የእያንዳንዱን እጅ ሊሰብር ምንም አልቀረውም። አውቶቡሱ ይሄኔ ድንበሩን ተሻግሯል።

በዚያ ቤት እሁድ ሬዲዮ አይከፈትም። ሜርቪን ከሰዓቱን አልጋው ላይ ሲገላበጥ ቆይቶ ሲብስበት አሁንም በፊት ለፊቱ በር ዞሮ ወደ ጋጣው ወጣ። መኪናው ከቆመበት መጠለያ የሰው ጫጫታ በቀጭኑ ይሰማል። ተጠግቶ በሩን ከፈተው። አባቱ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል።

«አሁን አገቡብን፤ በማዕዘን ምት» አሉ ቀና ሳይሉ። «በደርሶ መልስ አንድ አቻ ሆነ። ያቺ ኳስ ያንተ ነበረች።»

ሜርቪን ደሙ ፈላ። እርስዎ ማለቱም ጠፋው። «ምን አልክ አንተ? በሰንበት ሬዲዮ? እኔን እንደ ዥዋዥዌው አስረህ?»

«መቼ አትሂድ አልኩህ?»

«መቼስ ሂድ አልከኝ?»

«ቀድመኸኝ ተቀምጠህ ሳገኝህ፣ መርጧል አልኩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ ሰንበትህን ሻር ብዬ ልለምንህ ነበር?»

«አንድ ቃል! አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ትሆን ነበር!»

«ነግሬህ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ቀጠነ። «በጓሮው በር ብትወጣ ታየው ነበር።»

ሜርቪን ወጥ ቤት ገባ። በጓሮው በር አጠገብ ጋዜጣው እንደተነጠፈ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጫማው እዚያ አለ። ከጎኑ ታኬታው ተቀምጧል። ከጥርሶቹ መሀል ያለው ጭቃ አንድ ሳይቀር ተጭሮ ወጥቷል፤ ቆዳው ያብረቀርቃል። ሽማግሌው ትናንት ማታ፣ ልጃቸው ፎቅ ላይ ግድግዳ እየረገመ ሳለ፣ እዚህ ተቀምጠው ለሰንበት ጨዋታ ጫማ ሲወለውሉ አምሽተዋል። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ይህን ቤት አላየም። ሜርቪን ታኬታውን አነሳው፤ መስኮቱ ላይ ሊወረውረው ፈለገ፣ እጁ ግን እንቢ አለው። ታኬታውን ታቅፎ አባቱ ያመሹበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሲመለስ ጨዋታው ከነጭማሪ ሰዓቱ በአቻ አልቆ፣ የመለያ ፍጹም ቅጣት ምቱም ሊያበቃ ነው። ዘጋቢው «ድረምካርኖች አምስተኛውን ማን እንደሚመታ እየተከራከሩ ነው። የወትሮው መቺ አምበላቸው ዛሬ አብሯቸው የለም። ይህ ከተሳተ ዋንጫው የደብሊን ነው» አለ። አባትና ልጅ አልተያዩም። አንድ ወጣት መጣ፣ መታ፣ ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ሄደች። ደብሊን በጩኸት ተናወጠች።

ሽማግሌው ሬዲዮውን አጠፉት።

«ተናገር!» ብሎ ጮኸ ሜርቪን ታኬታውን በአባቱ ፊት እየነቀነቀ። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «ዛሬ እንኳ ተናገር!»

ሽማግሌው የልጃቸውን ፊት ማየት አቅቷቸው ታኬታውን አዩት።

«የማሰሪያ ክሩንም ቀይሬልህ ነበር» አሉ።