ለቦራ የተፈጨ ገብስ

ያርጋል ሚስቱን ሥራዬን ለቀዶ ሕክምና ወደ ጎንደር ሲወስድ በሬውን አደራ የሰጠው ለጎረቤቱ ለደብሪቱ ነበር። ለሌላ ለማንስ ይሰጣል? ባሏ ገሠሠ ካረፈ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ የሱ ቦራና የሷ ዳልቻ ተቀናጅተው የሁለቱንም ማሳ አርሰዋል። ከዳባት በላይ ባለው ዳገት እነሱን የመሰለ ጥንድ አልነበረም።

«ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ» አላት ገመዱን ሲያቀብላት። «ሌላ ሀብት የለኝም።»

ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ያለፈው ክረምት ዝናብ ቶሎ ወጥቶ ስለነበር ገለባው በየቤቱ ሳስቷል። ደብሪቱ ካላት ላይ ለዳልቻ ቀንሳ ለቦራ ብታበዛም ቦራ ከሳ። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይታይ ጀመር። የራስ ከብት ሲከሳ ያሳዝናል፤ የሰው አደራ ሲከሳ ግን ያሳፍራል። ወደ ወንዝ ስትነዳው እንኳ ሰው የማይበዛበትን መንገድ ትመርጥ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ያርጋል ደወለ።

«ተመስገን በይ! ሥራዬ ተነሥታ ተራመደች። እሑድ እንገባለን።»

ደብሪቱ እልል አለች። ስልኩን እንደዘጋች ዓይኗ ቦራ ላይ አረፈ፤ ደስታዋም ቀዘቀዘ። ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶ ይህን አጥንት ምን ብላ ታስረክበዋለች?

ለገሠሠ የሰባት ዓመት ተዝካር ያኖረችው ገብስ ነበራት። ከዚያው አራት ቁና ሰፈረችና ወፍጮ ቤት ወሰደችው። ጥሬውን ከሰጠችው ሳያደቅቀው በእበቱ ይወጣል ብላ ነው ያስፈጨችው። ገሠሠም ቢሆን ለእንዲህ ያለው ነገር ቅር አይለውም አለች በልቧ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዱቄቱን በውኃ አርሳ በትልቅ ሳፋ አቀረበችለት። ቦራ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሶ አያውቅም። ሳፋውን ላሰው፤ ደገመችለት፤ ያንንም ላሰው። ዳልቻ አንገቱን ቢያሰግግ «አንተ የቤት ነህ፣ ትችላለህ» ብላ ራቅ አድርጋ አሰረችው። ቦራ በሻካራ ምላሱ እጇን ሲልሳት ሳቀች። ብዙ ቀን ሆኗት ነበር ከሳቀች።

ቅዳሜ ጧት ቦራ አያመነዥክም። ግራ ጎኑ ተነፍቷል፤ ጥርሱን ያፋጫል፤ ሊነሣ ሲል ይንገዳገዳል። ከኋላው የሚወርደው ውኃ የመሰለ ነገር ነው፤ ሽታው የጠላ ጥንስስ ነው። ደብሪቱ ሽታውን ስታውቀው ሰው ልትጠራ ሮጠች።

ድረስ የሚባሉት ጎረቤታቸው ሽማግሌ መጡ። ዘይት አጋቱት፤ አልሆነም። «ቢታረድስ?» ብለው ጠየቁና፣ መልሰው ራሳቸው «በሁዳዴ ማን ሊበላው» አሉ።

ረፋዱ ላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሕሩይ በሞተር ብስክሌት ደረሰ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ሆዱን ዳሰሰ፣ ዓይኑን ገልጦ አየ።

«ምን በልቶ ነው፣ እናቴ?»

«ገብስ። አስፈጭቼ።»

«ለምዶት ነበር?»

«ገለባ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ሕሩይ ሻንጣውን ከፈተ። ከዚያ የሶዳ ዱቄት በውኃ በጥብጦ በጠርሙስ እያጋተው ቀስ ብሎ አስረዳት። የበሬ ሆድ ገለባውንና ሣሩን ቀስ እያለ ሲያብላላ የኖረ ነው። ገብስ ውስጥ ያለው ስታርችና ስኳር ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ባንዴ ይፈላል፣ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጤው ሆዱን አቃጥሎ ወደ ደሙ ይገባል። በትንሽ በትንሹ ቢያለምዱት ኖሮ ያወፍረው ነበር።

«ጥሬውን ሰጥቼው ቢሆንስ?»

ሕሩይ ሊዋሽላት ፈለገ፤ አልቻለበትም። «ጥሬው እንዲህ አይፈጥንም ነበር» አላት። «ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

ስልኳ ጮኸ። ያርጋል ነው።

«ነገ በጧት እንነሣለን። ቦራ እንዴት ነው?»

ቦራ አንገቱን ወደ ጎኑ ቆልምሞ ተኝቶ እያቃሰተ ነው። ከታማሚ አጠገብ ለቆመ ሰው ይህ እንዴት ይነገራል?

«ደኅና ነው» አለች።

ዐሥር ሰዓት ገደማ ቦራ ሞተ። ከቆዳው በቀር የተረፈ አልነበረም።

እሑድ ያርጋል ገና ከአውቶቡስ ሲወርድ አንድ የሰፈር ሰው «ቦራን እግዜር ይተካልህ» አለው። ሥራዬን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ፤ በደብሪቱ ደጃፍ ሲያልፍ ዞሮ አላየም። በማግሥቱ እሷው ዳልቻን እየጎተተች ሄደች።

«ውሰደው» አለችው፤ ገመዱን ዘርግታ። «እኔ እንደምሆን እሆናለሁ።»

«ለበሬው ብለሽ ነው?» አለ ያርጋል። «በሬማ ሟች ነው። ያንቺ እጅ ለክፋት እንዳልተነሣም አውቃለሁ።» እጁን ወደ ገመዱ አልዘረጋም። «እኔ ግን ጠየቅሁሽ። ስሙን ጠርቼ ጠየቅሁሽ።»

ገመዱን ከደጁ ግንድ ላይ አስራ ተመለሰች፤ እሱም አልፈታውም።

ከፋሲካ በኋላ ያርጋል ዳልቻን ከሽማግሌው ከድረስ በሬ ጋር አቀናጀ። ጥንዱ አልተስማማም፤ አንዱ ሲፈጥን አንዱ ይጎተታል፣ ትልሙ ይጣመማል። ቢሆንም የራሱን ማሳ አረሰ። ሳትጠይቀው የደብሪቱንም ማሳ ገባበት።

ደብሪቱ ዶሮ ወጥ ሠርታ በአገልግል ይዛ ወረደች። የማሳው ዳር ቆማ ጠበቀችው። ያርጋል እርፉን ተደግፎ ቆመ፤ ላቡን ጠረገ፤ አገልግሉን አየና አቀረቀረ።

«ጾም ነኝ» አላት።

በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ አገልግሉን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ዳገቱን ወጣች፤ እሱም በሬዎቹን «ና!» ብሎ ትልሙን ቀጠለ።

ወደ ማታ ሥራዬ ቁስሏን በእጇ ደግፋ ባዶውን አገልግል መለሰችላት።

«በላ?» አለቻት ደብሪቱ።

«እኔ በላሁት» አለች ሥራዬ፤ ከጎኗም መደቡ ላይ ተቀመጠች።