ከአራት ሺህ ዙር በላይ

ዳሲቱ ቃሊቲ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት የምህንድስና ምሩቃንን ለሳተላይት ቁጥጥር ሥራ ታሠለጥን ነበር። ቀመሩን ሁሉም ያውቁታል፤ ዕቃውን ግን በእጃቸው ነክተው አያውቁም። የመጨረሻ ፈተናቸው በሽቦ የተንጠለጠለ የብረት ሳጥን ነው። ውስጡ ያለውን ከባድ ዲስክ ሞተር ሲያሽከረክረው ሳጥኑ በተቃራኒው ይዞራል፤ ሳተላይትም ህዋ ላይ ፊቱን የሚያዞረው እንዲሁ ነው። ልጆቹ በጻፉት ፕሮግራም ሳጥኑ ዞሮ ግድግዳው ላይ ካለው አምፖል ፊት ለፊት ቀጥ ማለት አለበት።

ፈተናውን የሚያዩ ጎብኚዎች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ሳጥኑ እየዘገየ አስቸገረ። ዲስኩ አቃቂ ቶርኖ ቤት የተሠራ ነበር፤ በደቂቃ ከአራት ሺህ ዙር እንዳያልፍ ዳሲቱ ራሷ ገደብ አበጅታለታለች። የመከላከያ ክዳኑ ገና ከበያጁ አልመጣም።

"ስድስት ሺህ እናድርገው" አለችና ገደቡን በይለፍ ቃሏ አነሳችው።

ኮምፒውተሩ ላይ የነበረችው ሐጀራ ዞር አለች። "ቲቸር፣ ንዝረቱ እየጨመረ ነው። እናጥፋው?"

"አንዴ ይዙርና እናጠፋዋለን።"

ብሩህ የሚባለው ሠልጣኝ ሳጥኑን ቀረብ ብሎ ሊያይ ጎንበስ አለ። ዲስኩ ተሰንጥቆ ስባሪው ፊቱን የመታው ያኔ ነው።

ሐኪሞቹ ቀኝ ዓይኑን ማትረፍ አልቻሉም።

በሦስተኛው ቀን የማሠልጠኛው ሥራ አስኪያጅ አቶ ለሜሳ አንድ ወረቀት አቀረቡላት። አደጋው የደረሰው ሠልጣኝ ሐጀራ ያለፈቃድ ፍጥነት በመጨመሯ ነው ይላል።

"ይሄ እኮ ውሸት ነው።"

"አውቃለሁ። ያንቺ ስም ከገባ ግን ማሠልጠኛው ይዘጋል። አንዷ ትሂድ፣ ሌሎቹ ይትረፉ።"

ፈረመች። አላመነታችም፤ በኋላ ከራሷ ያጣላት ይሄ ነበር።

እሑድ ብሩህን ልትጠይቅ አቃቂ ወረደች። እናቱ እትዬ ብዙወርቅ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ አቅፈው ሳሟት። "ልጄ፣ በሻርፕሽ አስረሽ ሐኪም ቤት ባታደርሺው ደሙ ፈሶ ያልቅ ነበር። ያቺን ልጅ ግን እግዜር የእጇን ይስጣት!"

ዳሲቱ የቀረበላትን ውሃ ሳትጠጣ አስቀመጠችው። "እትዬ፣ ፍጥነቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሐጀራ እናጥፋው ብላኝ ነበር። በሐሰት የፈረምኩባትም እኔው ነኝ።"

ሴትዮዋ ተነሥተው በሩን ከፈቱላት።

"ንዝረቱ ስንት ደርሶ ነበር?" አለ ብሩህ ካልጋው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ።

ነገረችው።

"እያዩት?"

"እያየሁት።"

ሰኞ እውነቱን ጽፋ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስገባች። ማሠልጠኛው በወሩ ተዘጋ፣ እሷም ተከሰሰች። ከልጆቹ ሁለቱ ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ የቀሩት ያለ ሰርተፍኬት ወደየቤታቸው ገቡ።

ሐጀራን ያገኘቻት ሳሪስ፣ ወንድሟ ሱቅ ውስጥ ቻርጀር ስትሸጥ ነው። "ስምሽ ጸድቷል" ብላ የደብዳቤውን ቅጂ ሰጠቻት።

ሐጀራ አንብባ ስትጨርስ አጣጥፋ መለሰችላት። "እጄ እኮ ማጥፊያው ላይ ነበር፣ ቲቸር። እርስዎን ፈርቼ ነው ያልተጫንኩት" አለች።

ደንበኛ ገባና ወደ እሱ ዞረች።