የምድር ሆድ ፎቶ

ነፍሰ ጡር ሴት ከሐኪም ቤት ይዛ የምትወጣውን የሚመስል ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ በልጅቱ ቦርሳ ውስጥ ምን ይሠራል?

አያትየዋ ይህን ጥያቄ ከጧት ጀምረው ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት ቢያመላልሱት መልስ አጡለት። የልጅ ልጃቸውን ቦርሳ የከፈቱት ለክፋት አልነበረም፤ የዝናብ ልብስ ሊከቱላት ነው። ሰማዩ እንደ መስተዋት ጥርት ብሏል። ቢሆንም ጎረቤቱ «እማማ ስጋት» የሚላቸው በከንቱ አይደለም። ፎቶውን አውጥተው ወደ ብርሃን አስጠጉት፤ ግራጫ መስመር በመስመር ላይ ተነጥፎ፣ መሐሉ ላይ እንደተኮራመተ ጀርባ ጎበጥ ያለ ነጭ ነገር። ልጅቱ ሳታያቸው ወስደው ጠረጴዛ ልብሱ ሥር ሸሸጉት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱ ሰሞኑን ፊቷ አልገረጣብህም?» አሉ ባለቤታቸውን።

«አፈር ነው» አሉ ባልየው ከመስኮቱ ሳይዞሩ። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ ነገሩ ስለ ጡብ ካልሆነ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፉም።

ልጅቱ በምሳ ሰዓት ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሶ ገባች። አንድ ወር ሙሉ ከድሮው ጡብ ፋብሪካ ሜዳ ላይ አልጠፋችም። እዚያ መሬት ውስጥ የጥንት ከተማ አለ ተብሎ፣ ገመድ ተዘርግቶ፣ እሷ ባለ ጎማ መሣሪያ እየገፋች ትመላለሳለች።

«እማማ፣ አንድ ወረቀት አላየሽም? አለቃዬ እየጠበቀኝ ነው።»

«ስንት ወሩ ነው?»

«ምኑ?»

«እኔ አልቆጣሽም፣ ሚጣዬ። ሆድሽ ሲገፋ ጎረቤት ከሚነግረኝ አንቺው ንገሪኝ» ብለው ፎቶውን ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር አወጡት።

ልጅቱ መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ወንበር እስክትይዝ ድረስ ሳቀች። «እማማ፣ ይኼ እኮ የኔ ሆድ አይደለም፤ የምድር ሆድ ነው። ያቺ የምገፋት ጋሪ ናት ያነሳችው። ሞገድ ወደ መሬት ትልካለች፣ ከሥር የሚመለሰውን ማሚቶ ትስላለች። አካፋ ሳናነሳ ከታች ያለውን እናያለን።»

«ያቺ የሕፃን ጋሪ የምትመስለው?»

«እሷው ናት።» ልጅቱ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አኖረች። «ይኼ ጠፍጣፋ መስመር የጥንት ቤት ወለል ነው። እዚህ ጋ ሲደርስ ይበጠሳል፤ አንድ ሰው ወለሉን ሰብሮ ቆፍሯል። የቆፈረውም በቅርብ ነው፣ ምናልባት ፋብሪካው ሲሠራ። ጉድጓዱ ውስጥ ሳጥን የሚመስል ክፍት ቦታ አለ፤ ዙሪያው ጡብ ሳይሆን አይቀርም። አለቃዬ የፋብሪካው ውኃ መውረጃ ነው ይላል። ስምንት ሰዓት ላይ አፍርሰን እናነሳዋለን፤ ወደ ጥንቱ ወለል እንዳንወርድ መንገድ ዘግቶብናል።»

«ርዝመቱስ?» አሉ ግንበኛው ከመስኮቱ።

«ዘጠና ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ አባባ።»

«ዘጠና አምስት ነው።»

የልጅቱ ጣት ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ። እማማ ስጋት ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ዛሬ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ወረርሽኙ የገባ ዓመት፣ እሳቸው ሐኪም ቤት አርባ ቀን ተኝተው ሲወጡ የመጀመሪያ ልጃቸው አልጋ ባዶ ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት የቀራት ልጅ። «አሳረፍኳት» አሏቸው ባላቸው። የት ብለው ቢጠይቁ «ሆድ ይፍጀው» አሏቸው። በዚያ ዓመት የሞተው ሁሉ በጅምላ ጉድጓድ እንደሚጣል ሰምተው ነበርና ዝምታውን በዚሁ ተረጎሙት። ከዚያ በኋላ ጮክ ብለው ጠይቀው አያውቁም። ነገር ግን የትም ይሁን የት፣ ትንሽ መቃብር ባዩ ቁጥር፣ ምናልባት እሷ ከሆነች ብለው «እንደምን ዋልሽ» ሳይሉ አያልፉም።

«በጡብ ነው የሠራህላት?» አሉ አሁን።

«በሙሉ ጡብ ነው። ሰባራ አላስገባሁም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

ግንበኛው ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። «መጀመሪያ ሕጉን ፈርቼ ነው፤ ከጅምላው ውጭ መቅበር ያሳስር ነበር። ፋብሪካው ሜዳ ላይ ቀበርኳት፤ ምልክቴ አጠገቧ ያለው ዛፍ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ዛፉን ቆረጡት፣ ሜዳውን ሁሉ አፈር ደፉበት። ስንት ጊዜ ሄጄ በእግሬ ለካሁ። ልጄን ቀብሬ ቦታው ጠፋብኝ ተብሎ ለእናት ይነገራል?»

እማማ ስጋት ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ያ ጎበጥ ያለ ነጭ ነገር ጧት ሕፃን መስሏቸው ነበር። መሣሪያው ከጡቡና ከባዶው ቦታ ያገኘው ማሚቶ ነው፤ ልጅቱ አሁን ነግራቸዋለች። ያም ሆኖ በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ደባበሱት።

ልጅቱ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። «አያነሳም» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ። «ማሽን ላይ ከሆነ አይሰማውም። እማማ፣ እኔ ሳልደርስ አይነኩም፣ አይነኩም መሰለኝ።»

የግድግዳው ሰዓት ሰባት ተኩል አልፏል።

«መሰለኝ አትበይኝ» አሉ አያትየዋ። «ሜዳው ሩቅ ነው። ቢቸኩሉስ? ከስምንት ሰዓት በፊት ቢጀምሩስ?»

ግንበኛው ከመስኮቱ ተነሱ። ሁልጊዜ ሲወጡ «ኮትህን፣ ባርኔጣህን፣ ምርኩዝህን» የሚሏቸው ሚስታቸው ዛሬ ኮቱን ከማንጠልጠያው አንስተው ያዙላቸው፤ እሳቸው ግን አላዩትም። ጠረጴዛው ጋ ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉ። እማማ ስጋት ወረቀቱን ለአፍታ ያዝ አድርገው ሰጧቸው። ግንበኛው ሳያጥፉት፣ እስከ አፉ እንደሞላ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ያዙት። የልጅ ልጃቸው ቦርሳዋን እስክታነሳ አልጠበቁም። በሩን ሳይዘጉ፣ በሸበጥ ጫማቸው እንዳሉ ወጡ።