የመሰረት ሙሾ ባለቤት

መምህር አስናቀው ከገበዝ ማርያም ፍኖተ ሰላም ሲመላለሱ ይህ ሦስተኛቸው ነው። መጀመሪያ የመጡ ዕለት መብራት የለም ተባሉ። በሁለተኛው መብራቱ ነበረ፣ ኔትወርኩ ግን ጠፋ። ዛሬ ሁለቱም ተገናኙ፤ የእሳቸው ጉልበት ደግሞ አለቀ። ስድሳ ስምንት ዓመት ለሚኒባስ የኋላ ወንበር የሚሆን ዕድሜ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህታቸው መሰረት በቋሪት ወረዳ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት መጀመሪያ መልእክት የሚላከው ወደ እሷ ነው፤ እሷ ደርሳ አንድ ግጥም ሳትጥል ለቅሶው ለቅሶ አይሆንም። እናታቸው የተቀበሩ ዕለት መሰረት ስታለቅስ አስናቀው በስልካቸው ቀረጿት። ነውር ነው ብለው የተቆጡ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እሳቸውም ነውር መሆኑን አላጡትም። ግን ቀረጹ። በዓመቱ መሰረት ራሷ ሞተች።

ላህ ወንዝን ሲሻገሩ ስልኩ ከኪሳቸው ሾልኮ ውሃ በላው። ደግነቱ ከዚያ በፊት ሀኒ ቅጂውን ቪዲዮ በሚጫንበት ድረ ገጽ ላይ አኑራላቸው ነበር። ሀኒ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስልክ ትጠግናለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ዘፈን በፍላሽ ትሞላለች። አራተኛ ክፍል ያስተማሯት ናት፤ የሁለት ልጆች እናት ሆናም «ቲቸር» ማለቱን አልተወችም። እሷ ዘንድ የነበረውን ቅጂ ደግሞ ባለፈው ክረምት ቫይረስ በልቶታል። ስለዚህ የመሰረት ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እዚያ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ሰባት ደቂቃ ነው፣ በመሀል የሰው ሳልና የውሻ ጩኸት አለበት።

ባለፈው ሳምንት ሀኒ ደወለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ሙሾውን ከዚያው ድረ ገጽ ወስዶ፣ ኦርጋንና ከበሮ ጨምሮበት፣ የሁለት ደቂቃ ዘፈን አድርጎ አውጥቶታል። ይባስ ብሎ በራሱ ስም አስመዝግቦታል። የድረ ገጹ ኩባንያ ማሽን ሁለቱን አነጻጸረና ሰራቂው የአስናቀው ቪዲዮ ነው ብሎ ፈረደ። ቪዲዮው ታግዷል፤ ማየትም ማውረድም አይቻልም። በሰባት ቀን ውስጥ አጥጋቢ መልስ ካልተሰጠ ለዘላለሙ ይሰረዛል። ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው።

ሀኒ ሱቅ ሲገቡ ጌታሁን የሚባል የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ላፕቶፑን ታቅፎ ቀድሟቸዋል። ደብዳቤ የሚጽፍበት ፕሮግራም ተዘግቶበት ይነጫነጫል።

«በየወሩ ክፈል ይለኛል እኮ! ማሽኑን ገዛሁት፣ ውስጡን ደግሞ ተከራይ! በሬ ገዝቶ ቀንበር የሚከራይ ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ተወው፣ የተሰበረ አለኝ፣ እጭንልሃለሁ» አለች ሀኒ። የተሰበረ የምትለው ባለቤቱ ሳያውቅ ቁልፉ የተፈታውን ነው።

«የሰው ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ መምህር አስናቀው ወንበር ስበው እየተቀመጡ።

«የማን ሰው፣ ቲቸር? ባለቤቱን አይተውት ያውቃሉ?»

«አላየሁትም። የመሰረትን ሙሾ የወሰዱትስ መሰረትን መቼ አዩዋት?»

ሀኒ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ጌታሁን ግን ክርክር የሚያልፈው ሰው አልነበረም። «ኧረ ቲቸር፣ ምኑን ከምኑ ያገናኙታል? እነዚያ ሀብታሞች ናቸው። ከባሕር በጭልፋ ቢቀዳ ማን ያውቃል?»

«እንጃ ልጄ፣ እኔ ደክሞኛል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቾክ እንደያዘ ሰው ቆመው ግማሽ ሰዓት በተከራከሩት ነበር። ዛሬ ፍላጎታቸው አንድ ነው፤ የእህታቸውን ድምፅ ይዘው ቤታቸው መግባት።

ሀኒ የጌታሁንን ጉዳይ ወደ ጎን አድርጋ ለኩባንያው መልስ የሚሰጥበትን ቅጽ ከፈተች። እንግሊዝኛውን እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልስላቸዋለች። ስምና አድራሻው በሰላም አለፈ።

«ይህን ሥራ የፈጠሩት እርስዎ ነዎት? ይላል። አዎ ልበል?»

«አይደለሁም።»

«አውቃለሁ ቲቸር። የመሰረት ነው። ግን እርስዎ ወንድሟ ነዎት፣ የቀረጹትም እርስዎ ነዎት። አዎ ካላልን አያሳልፈንም።»

«የመሰረትም አይደለም።»

ሀኒ ዞር ብላ አየቻቸው። እዚህ ላይ መምህር አስናቀውን ለማያውቅ ግትርነት ይመስለዋል። መሰረት ግን በሕይወቷ ሙሉ አንድም ሙሾ የእኔ ነው ብላ አታውቅም። ከቀብር መልስ አንዷ ሴት ጠጋ ብላ «ምን ያለ ግጥም ጣልሽ!» ካለቻት ትቆጣ ነበር። የሙሾ ባለቤቱ የተባለለት ሰው ነው፤ ሟች ይዞት ይሄዳል፤ አልቃሽ የእኔ ካለችው በሬሳ መነገድ ነው ትላለች። ሌላዋ አልቃሽ ግጥሟን ሰምታ በሌላ ለቅሶ ብትለው ቅር አይላትም። ለቅሶ በሌለበት ቤት ማንጎራጎሩን ግን እንደ ሟርት ትፈራው ነበር። ወንድሟም ይህንኑ ይዘው ነው ያረጁት።

«የእናታችን የወይዘሮ እህተ ማርያም ነው፣ ገበዝ ማርያም ተቀብረዋል ብለሽ ጻፊ» አሉ።

«መጻፊያ ቦታ የለውም። አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው።» ሀኒ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቲቸር፣ ይኼ ማሽን ነው፤ የንስሐ አባት አይደለም። አዎ ቢሉት ኃጢአት አይሆንብዎትም። ካልፈለጉ ፊትዎን ያዙሩልኝ፣ እኔ እነካዋለሁ።»

ፊታቸውን ሊያዞሩ ፈልገው ነበር። በእውነት ፈልገው ነበር። ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት ልጆችን የራሳችሁ ያልሆነውን አትጻፉ ያለ አፍ በአንድ ቀን አይታጠፍም፤ ከሁሉም ይልቅ ሬሳ ሻጭ ነኝ ብለው የሚፈርሙ መሰላቸው። ደግሞ በልባቸው ትንሽ ተስፋ ነበረች፦ እውነቱን የተናገረን ሰው ጠያቂው መቼም ቀጥሎ የሚጠይቀው ነገር አለ። ሽማግሌ ፊት ቢሆን እንደዚያ ነው። የእኔ አይደለም ያለ ሰው ይታመናል፣ ታዲያ የማን ነው ይባላል፣ ነገሩ ከዚያ ይጀመራል።

እጃቸውን ዘርግተው «አይደለም» የሚለውን ራሳቸው ነኩት።

መልሱ ደቂቃ አልፈጀም። ሀኒ ጎንበስ ብላ አነበበችው።

«ምን ይላል?»

«የሥራው ባለቤት አለመሆንዎን ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን ይላል።» ገጹን ወደ ታች ገፋችው። «ቪዲዮው ተሰርዟል።»

«ታዲያ የማን ነው አይልም?»

«አይልም፣ ቲቸር።»

ጌታሁን ላፕቶፑን እንደታቀፈ ወደ መሬት አቀረቀረ። ሀኒ «እኔ ብነካው ኖሮ!» እያለች እንባዋን በክንዷ ጠረገች። መምህር አስናቀው አልተቆጡም፣ አላለቀሱምም። ተነሥተው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓትና «አይዞሽ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ» ብለው ወጡ።

መነኸሪያ ሲደርሱ ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር። ሾፌሩ ሽምግልናቸውን አይቶ ጋቢና አስቀመጣቸው። ከተማውን ለቀው ዳገቱን እንደጀመሩ ዘፈን ከፈተ። መጀመሪያ ከበሮ መጣ፣ ከዚያ ኦርጋን፣ ከዚያ መሰረት።

*በሩን ክፍት ትታው እናታለም ሄዳ፣*
*ልዘጋው ብመጣ ሆንሁበት እንግዳ።*

ሰባቱ ደቂቃ የለም። ሳሉም፣ ውሻውም፣ የእናታቸው ስም የሚጠራበትም ቦታ ተቆርጧል። የቀረው ይኼ ብቻ ነው፤ ከኋላ ያሉት ልጃገረዶች በቃላቸው ያውቁታል፣ ትከሻቸውንም ይሰብቁለታል።

«ድምፅ ማለት ይኼ ነው፣ አባባ!» አለ ሾፌሩ በከበሮው ልክ መሪውን እየመታ። «የዚሁ የኛ አገር ሰው ናት ይላሉ። ያውቋታል?»

እህቴ ናት ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እህቴ ናት ካሉ ግን ሰውየው በምን አውቃለሁ ይላል፤ ቢያምንም ታዲያ የእናትዎን ለቅሶ እንዴት ያስጨፍሩበታል ይላል። ዛሬ ለማስረዳት የቀረ ጉልበት አልነበራቸውም።

«አላውቃትም» አሉ።

ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ አፈሩ፤ እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም። ሾፌሩ ልብ አላለም። ድምፁን ጨመረው። መምህር አስናቀው ቀንስልኝ ሊሉት አሰቡ፤ ግን ይህን ለማለት መብት ያላቸው አልመሰላቸውም።